ጉበቱ ተሰንጥቆ ለምን ቀዶ ሕክምና አይደረግለትም?



የዛሬውን ርዕስ የሰጡኝ አንዲት አያት ናቸው። የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ከብስክሌት ሲወድቅ የብስክሌቱ መሪ ሆዱን ወጋው። ሆስፒታል ደርሶ ሲቲ ስካን ከተነሳ በኋላ ለቤተሰቡ “ጉበቱ ተሰንጥቋል፤ ሆዱ ውስጥም ደም አለ” ተብሎ ተነገረ። ቤተሰቡ ልጁ ወዲያውኑ ኦፕራሲዮን ክፍል ይገባል ብሎ ሲጠብቅ፣ ሐኪሞቹ ግን አስተኝተው መከታተል ያዙ። አያት የጠየቁኝ እንዲህ ብለው ነው፦ “ጉበት የሚያህል ነገር ተሰንጥቆ እንዴት ዝም ብለው ያዩታል? ተስፋ ቆርጠው ነው ወይስ ገንዘብ ጠብቀው ነው?”

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ሐኪሞቹ ዝም ብለው እያዩት አይደለም፤ ክትትሉ ራሱ ሕክምናው ነው። ዛሬ በግጭት፣ በመውደቅ ወይም በምት ጉበታቸው ከተጎዳ ሰዎች ከአስሩ ስምንት ያህሉና ከዚያም በላይ ሆዳቸው ሳይከፈት ይድናሉ። ይህ እንዲሆን ካስቻሉት ነገሮች አንዱና ትልቁ ሲቲ ስካን ነው። ሆኖም ሥዕሉ ብቻውን አይበቃም፤ የበሽተኛው ሁኔታም አብሮ መታየት አለበት። ቤተሰብ ይህን ካልተረዳ ሁለት አደጋ ይመጣል። አንዱ ያለ በቂ ምክንያት “ቅደዱልን” ብሎ መጨነቅና ማስጨነቅ ነው። ሁለተኛውና የባሰው ደግሞ “ምንም ካላደረጋችሁለት እንወስደዋለን” ብሎ ፈርሞ ማስወጣት ነው።

ጉበት ምን ዓይነት ነገር ነው?

ጉበት የሚገኘው በቀኝ በኩል ከታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ሥር ነው። የአዋቂ ሰው ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ልብ ከሚረጨው ደም ሩብ ያህሉ በጉበት በኩል ያልፋል፤ ይህም በደቂቃ አንድ ሊትር ተኩል አካባቢ ነው። ለዱለት ጉበት የከተፈ ሰው ባሕርዩን ያውቀዋል። ላዩ ላይ ስስ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑ ከተቀደደ ግን ውስጡ ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይፈርሳል። ደም የሞላበትና ለስላሳ የሆነ አካል ሲመታ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

በልጆች ላይ ነገሩ ለየት ይላል። የልጅ የጎድን አጥንት ተለጣጭ ስለሆነ ሳይሰበር ወደ ውስጥ ታጥፎ ጉበትን ሊጫን ይችላል። ጉበታቸው ከሰውነታቸው አንጻር ትልቅ ነው፤ ከጎድን አጥንት በታችም ወጣ ይላል። የሆዳቸው ጡንቻም ስስ ነው። ስለዚህ “አጥንቱ አልተሰበረም፤ ደህና ነው” የሚለው አባባል ለሆድ ምት አይሠራም። በተለይ የብስክሌት መሪ ጉልበቱን ሁሉ በትንሽ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፍ፣ ቆዳ ላይ የምትታየው ሳንቲም የምታህል ክብ ሰንበር ብቻ ሆና ውስጡ ግን ክፉኛ የተጎዳ ሊሆን ይችላል። የመኪና፣ የባጃጅና የሞተር ሳይክል አደጋ፣ ከዛፍ ወይም ከፎቅ መውደቅ፣ የፈረስና የበቅሎ እርግጫ፣ የከብት ቀንድም እንደዚሁ ናቸው።

ሆድ ይፍጀው

ምስጢር ስንይዝ “ሆድ ይፍጀው” እንላለን። ሆድ ግን ደምንም እንዲሁ ይይዛል፤ ከውጭ ጠብታ ሳይታይ ብዙ ደም ሊጠራቀምበት ይችላል።

ልጅ ደግሞ ያለው ደም ትንሽ ነው። በአንድ ኪሎ ክብደት 80 ሚሊ ሊትር ገደማ ብለን ብናስብ፣ 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ጠቅላላ ደሙ አንድ ሊትር ከስድስት መቶ ሚሊ ሊትር ያህል ነው። አንድ ብርጭቆ ሙሉ ደም ለእሱ ቀላል አይደለም። የልጅ ሰውነት ግን የደም ሥሮቹን አጥብቦ፣ የልቡን ምት አፍጥኖ የደም ግፊቱን ለረዥም ጊዜ ይዞ ያቆያል። ግፊቱ የሚወርደው ብዙ ደም ካለቀ በኋላ ነው። በድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ነርስ የልጅን ግፊት ለክቶ ብቻ የማይለቀው ለዚህ ነው። የልብ ምቱን ይቆጥራል፤ እጅና እግሩ መቀዝቀዙን ይዳስሳል፤ የከንፈሩን መልክ ያያል፤ ሽንት መሽናቱን ይጠይቃል።

በዕድሜ ለገፋን ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ለደም ግፊት ወይም ለልብ አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎልና መሰል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደም እየፈሰሰውም የልብ ምቱ ላይፈጥን ይችላል። ዋርፋሪን ወይም አስፒሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ ደሙ ቶሎ አይረጋም። ስለዚህ አያት ወይም አባት ወድቀው ሆዳቸው ወይም ጎናቸው ከተመታ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነእሽጉ ይዛችሁ ሂዱ።

ከምት በኋላ የሚከተሉት ከታዩ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱ፦

- የቀኝ የሆድ ወይም የጎን ሕመም፣ በተለይ እየጨመረ የሚሄድ፤
- የቀኝ ትከሻ ሕመም፣ ትከሻው ሳይመታ (የፈሰሰው ደም ሆድንና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ ሲነካው ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል)፤
- የሆድ መነፋት ወይም ሲነኩት መጠንከር፤
- መገርጣት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ከባድ ጥማት፣ ሲነሱ ማዞር፤
- ተደጋጋሚ ትውከት፣ ደም የተቀላቀለበት ሽንት፣ ከወትሮው የተለየ መፍዘዝ ወይም እንቅልፍ።

እስክትደርሱ ድረስ የተመታውን ሰው አስተኙት፤ አልብሱት። የሚበላም የሚጠጣም አትስጡት፤ ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ይችላል። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፒሪን አትስጡት። ከሁሉም በላይ ሆዱን አታሹት፤ ወጌሻ ዘንድም አትውሰዱት። የረጋውን ደም ማሸት የቆመውን መድማት እንደገና ማስጀመር ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ በ907 የቀይ መስቀልን አምቡላንስ መጥራት ትችላላችሁ።

አልትራሳውንድ የሚያሳየውና ሲቲ የሚያሳየው

ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደረገው አልትራሳውንድ ነው። አልጋው አጠገብ በጥቂት ደቂቃ ይሠራል፤ ጨረርም የለውም። ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ ካለ ያሳያል። ነገር ግን ደሙ ከየት እንደመጣ፣ ስንጥቁ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ አጥርቶ ላይናገር ይችላል። ጉበቱ ተሰንጥቆ ደሙ ገና ወደ ሆድ ካልፈሰሰም አልትራሳውንዱ “ንጹሕ” ሊል ይችላል።

ሲቲ ስካን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በዚህ መሣሪያ የመጀመሪያዋ በሽተኛ የታየችው በጥቅምት 1971 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለንደን ውስጥ ነው። የያኔው መሣሪያ የሚያነሳው ጭንቅላትን ብቻ ነበር። የሠራው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ በ1979 ከአለን ኮርማክ ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ራጅ ከአንድ አቅጣጫ የተነሳ ፎቶ ሲሆን፣ ሲቲ ግን ጨረሩን ሰውነት ዙሪያ እያሽከረከረ በኮምፒውተር አማካይነት ስስ ስስ ቁራጭ ሥዕሎች ያወጣል። ድፎ ዳቦ ውስጡ መብሰሉ የሚታወቀው ሲቆረስ ነው፤ ሲቲ ማለት ሰውን ቢላ ሳይነካው እንዲህ ቆርሶ ማየት ነው።

ለጉበት ጉዳት ሥዕሉ ከመነሳቱ በፊት በደም ሥር ኮንትራስት የሚባል ፈሳሽ ይሰጣል። ይህ ፈሳሽ ከደም ጋር ሄዶ ደህናውን ጉበት ያደምቀዋል። የተሰነጠቀው ቦታ ደም ስለማያገኝ ጠቆር ብሎ ይቀራል። ከደም ሥር ውጭ እየፈሰሰ ያለ ደም ካለ ደግሞ ብሩህ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ጥቂት ቆይቶ በሚነሳው ሁለተኛ ሥዕል ላይ ነጥቡ ከሰፋ ደሙ አሁንም እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ሐኪሞቹ በዚህ ሥዕል ሦስት ነገር ያውቃሉ፦ ስንጥቁ የት ነው፣ ምን ያህል ጥልቅ ነው፣ ደሙ ቆሟል ወይስ እየፈሰሰ ነው።

ከመነሳቱ በፊት ስለ አለርጂ፣ ስለ ኩላሊት ሕመም፣ ሜትፎርሚን ስለሚባለው የስኳር መድኃኒት፣ ለሴት ደግሞ ስለ እርግዝና ይጠየቃል፤ እውነቱን ተናገሩ። ኮንትራስቱ ሲገባ ሰውነት ሙቀት ይሰማዋል፤ አንዳንዱም ሽንቱ ያመለጠው ይመስለዋል። ልጁን አስቀድማችሁ ብትነግሩት አይደነግጥም፤ ከተንቀሳቀሰ ሥዕሉ ይበላሻልና።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ሲቲ ጨረር አለው፤ በማደግ ላይ ያለ የልጅ ሰውነት ደግሞ ለጨረር ከአዋቂው ይበልጥ ስስ ነው። ስለዚህ ልጅ በወደቀ ቁጥር “ሲቲ ይነሳልን” ማለት ተገቢ አይደለም። ሐኪሙ መርምሮ፣ ደምና ሽንት አይቶ፣ ጥቂት ሰዓት አቆይቶ አያስፈልግም ካለ ስስት አይደለም። ያስፈልጋል ካለ ደግሞ ጨረሩን ፈርታችሁ አትከልክሉ፤ በዚያ ሰዓት የሚገኘው ጥቅም ከጉዳቱ እጅግ ይበልጣል።

“ደረጃ ሦስት” ሲሏችሁ

የሲቲ ውጤት ላይ ብዙ ጊዜ ቁጥር ይጻፋል። የአሜሪካ የአደጋ ቀዶ ሕክምና ማኅበር በ1989 ያወጣው መለኪያ ነው። በ2018 ሲሻሻል ሲቲ ላይ የሚታየው የደም ሥር ጉዳትም እንዲካተት ተደርጓል። አሁን ከአንድ እስከ አምስት ይቆጥራል።

ደረጃ አንድ ጥልቀቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ስንጥቅ ነው። ደረጃ ሁለት ከአንድ እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ነው። ደረጃ ሦስት ከሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ የጠለቀ፣ ወይም ደም እየፈሰሰ ቢሆንም ከጉበቱ ያልወጣ ነው። ደረጃ አራት ላይ ከጉበቱ ክፍል ብዙው ፈርሷል፣ ወይም ደሙ ከጉበት አልፎ ወደ ሆድ እየፈሰሰ ነው። ደረጃ አምስት ከጉበቱ ክፍል ሦስት አራተኛው በላይ የፈረሰበት ወይም ከጉበት ጋር የተያያዙት ትላልቅ የደም ሥሮች የተጎዱበት ነው።

ቁጥሩን ሰምታችሁ ብቻ ግን ፍርድ አትስጡ። ደረጃ አራት ሆኖ ደሙ ቆሞ፣ የልብ ምቱና ግፊቱ ረግቶ ሳይከፈት የሚድን አለ። በቁጥር ዝቅ ያለ ሆኖ አንጀቱ አብሮ በመቀደዱ ወዲያው የሚከፈት አለ። ሲቲ የጉዳቱን ካርታ ይሰጣል፤ መንገዱን የሚወስነው ግን የበሽተኛው ሁኔታ ነው።

ሦስቱ መንገዶች

መጀመሪያው ክትትል ነው። የልብ ምቱና ግፊቱ የተረጋጋ ሰው በዚህ መንገድ ይሄዳል። ቀደም ባለው ዘመን ሆድ ውስጥ ደም አለ ከተባለ ሁሉም ይከፈት ነበር። ሲከፈት ግን ከብዙዎቹ ጉበት የሚወጣው ደም አስቀድሞ በራሱ ቆሞ ይገኛል። መክፈቱ ደግሞ የረጋውን ደም ሊያነቃንቅ፣ ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል። ሳይከፍቱ መከታተልን ቀድመው የጀመሩት የልጆች ቀዶ ሐኪሞች ናቸው፤ መጀመሪያ ለጣፊያ፣ በኋላም ለጉበት። ሲቲ ሲመጣ ውስጡን ሳይከፍቱ ማየት ስለተቻለ ይህ አሠራር ወደ አዋቂውም ተስፋፋ። ክትትል ማለት ግን አልጋ ላይ መርሳት አይደለም። ምትና ግፊት በየጊዜው ይለካል፤ የደም መጠን በተደጋጋሚ ይመረመራል፤ ሐኪሙ ሆዱን ደጋግሞ ይዳስሳል፤ የደም ዓይነቱ ተለይቶ ደም ይዘጋጃል። አንጀት ተጎድቶ ሲቲ ላይ በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ስለሚችል መዳሰሱ አይቋረጥም።

ሁለተኛው የሚደማውን የደም ሥር ከውስጥ መድፈን ነው። ሲቲው የሚፈስ ደም ካሳየና በሽተኛው ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ፣ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ ወደ ደም ሥር ገብቶ ጉበት ድረስ ይሄድና የሚደማው ሥር ይደፈናል። ይህ አገልግሎት ልዩ መሣሪያና ባለሙያ ስለሚጠይቅ በየሆስፒታሉ አይገኝም፤ ሪፈር ሊያስፈልግ ይችላል።

ሦስተኛው ቀዶ ሕክምና ነው። ፈሳሽና ደም ተሰጥቶት ግፊቱ አልረጋ ያለ ሰው ሲቲ ሳይነሳም ቀጥታ ኦፕራሲዮን ክፍል ይገባል። እዚህ ላይ የቤተሰብ ጥያቄ ይገለበጣል፤ “ሳታዩት እንዴት ትቀዱታላችሁ?” ይባላል። ደሙ እያለቀ ያለን ሰው ወደ ሲቲ ክፍል መግፋት ሞት ነው። እዚያ ልቡ ቢቆም ለመርዳት አይመችም፤ የሚጠፋውም እያንዳንዱ ደቂቃ ደም ነው። ቀዶ ሐኪሙ አንዳንድ ጊዜ ጉበቱን በጨርቅ ጥቅል ዙሪያውን ጠቅጥቆ ደሙን ካቆመ በኋላ፣ ጨርቁን ለማውጣት ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ይገባል። “ረስተውበት ነው” ብላችሁ እንዳትደነግጡ፤ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው።

አልጋው አጠገብ ያለው አስታማሚ

በሥራ ዘመኔ ብዙ ያየሁት ነገር ቢኖር ልጁ በሁለተኛው ቀን ሲስቅና ሲጫወት ቤተሰቡ መውጣት መጠየቁ ነው። የአልጋው ወጪ፣ ሥራ የቀረበት አባት፣ ቤት የቀሩ ሌሎች ልጆች፤ ምክንያቱ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን የተሰነጠቀ ጉበት ላይ ያለው የረጋ ደም ገና ለጋ ነው። የሚሳቀው ጉበቱ ድኖ ሳይሆን ሕመሙ ቀልሎለት ነው። እንደገና ቢደማ ሆስፒታል አልጋ ላይ ያለና ቤቱ ያለ ልጅ ዕድላቸው አንድ አይደለም። ከተጨነቃችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ሐኪሙን እነዚህን ጠይቁ፦

- ጉዳቱ ስንተኛ ደረጃ ነው? ሲቲው ላይ የሚፈስ ደም ታይቷል?
- የደም መጠኑ ከትናንቱ ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው?
- ሁኔታው በሌሊት ቢለወጥ እዚሁ ቀዶ ሐኪምና ደም አለ? ከሌለ አሁኑኑ ወዴት እንሂድ?

የመጨረሻው ጥያቄ ትልቁ ነው። ክትትል ዋስትና የሚኖረው ኦፕራሲዮን ክፍሉና ደሙ ዝግጁ ሲሆን ነው።

ጠያቂም ሲመጣ “ባዶ ሆዱን አይደር” ብሎ አጥሚትና ጭማቂ በድብቅ መስጠት ይቅር። ሐኪሙ ሲፈቅድ ይደርሳል። ሕመሙ ሲጨምር፣ ላብ ሲያልበው፣ ሲያስመልሰው፣ ዝም ሲል ነርሷን ጥሩ፤ “ደጋግሜ አስቸገርኳት” ብላችሁ አትፈሩ። ልጃችሁን ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም።

ቤት ከተመለሱ በኋላ

ጉበት ራሱን የሚጠግን አካል ነው፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። የልጆች ቀዶ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ለማስታወስ የሚቀል ስሌት አለ፦ በደረጃው ቁጥር ላይ ሁለት ደምሩ፤ የሚመጣው ልጁ ከሩጫና ከግጭት የሚከለከልባቸው ሳምንታት ብዛት ነው። ደረጃ ሦስት ከሆነ አምስት ሳምንት ማለት ነው። በእነዚህ ሳምንታት ብስክሌት፣ ኳስ፣ ትግል፣ ዛፍ መውጣት የለም። መራመድ ይችላል፤ ትምህርት ቤት መመለስን ሐኪሙ ይወስናል፤ ለስፖርት መምህሩ ግን በጽሑፍ አሳውቁ። የእናንተ ሐኪም ከዚህ የረዘመ ካዘዘ የእሱን ያዙ።

ትኩሳት፣ እየጨመረ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም ማስመለስ ወይም ራስን መሳት ካያችሁ ቀን ሳትቆጥሩ ተመለሱ። ሐሞት ሊያፈስ፣ ኢንፌክሽን ሊፈጠር፣ ወይም ዘግይቶ ሊደማ ይችላል። የሲቲውን ፊልም ወይም ሲዲ ከነጽሑፉ አስቀምጡ፤ ሌላ ሆስፒታል ብትሄዱ ድጋሚ ጨረርና ድጋሚ ወጪ ያድናችኋል። ልጁ ደህና ከሆነ “ለእርግጠኝነት” ብላችሁ ሌላ ሲቲ አትጠይቁ።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ነገር አድርጉ። የልጆቹን ብስክሌት መሪ ጫፍ ተመልከቱ። ላስቲኩ አልቆ ብረቱ ባዶውን ወጥቶ ከሆነ አዲስ አስገቡለት፤ ዋጋው ትንሽ ነው። መኪና ውስጥም ቀበቶው በሆዱ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ በዳሌው አጥንት ላይ እንዲያርፍ አድርጉ።